ዶሮና ቆቅ፦ ከቢላ እስከ ድስት

በኢትዮጵያ ለገበታ ከሚታደኑት ትናንሽ የዱር አዕዋፍ መካከል የታወቁት ቆቅና ጅግራ ሲሆኑ፣ ቆቅ ከቤት ዶሮ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ፣ ጅግራም የቅርብ ዘመድ በመሆኑ የሦስቱ የአካል አሠራር ይመሳሰላል፤ ዶሮ መበለት፣ ማለትም ሥጋን በየመገጣጠሚያው ለይቶ ብልት ማውጣት፣ የለመደ እጅም በቆቅ አይቸገርም። በአዲስ አበባ ልደታ ቆቅ ብርቅ ቢሆንም ዶሮ በየበዓሉ ዋዜማ ይታረዳል፤ በኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት በፕላን መካተቱም ሥራው ከጠባብ ማዕድ ቤት ጋር እንደማይስማማ ታስቦበት ነው።

የዱሩን ከቤቱ የሚለየው አሟሟቱ ነው። በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የእግዚአብሔር ስም ተጠርቶበት ያልታረደ እንስሳ በክት ተብሎ ስለማይበላ፣ በወጥመድ በሕይወት የተያዘ ቆቅ በጥይት ከወደቀው ይመረጣል፤ ተተኩሶ ነፍሱ ሳትወጣ የታረደ ከሆነም የእርሳስ ፍንጣሪ በሥጋው ውስጥ እንዳይቀር በጣት እየዳሰሱ መልቀም ያስፈልጋል።

ከእርድ በኋላ ወፉ በፈላ ውኃ ጥቂት ተነክሮ ላባው ይነጫል፤ የቀረው ጭገር በእሳት ይለበለባል። የቆቅ ቆዳ ስስ ስለሆነ በውኃው ውስጥ ከቆየ ይቀደዳል፤ ለወጥ የሚውል ወፍ ግን ቆዳው መገፈፉ ስለማይቀር ይህ ብዙ አያሳስብም። ከባዱ ሥራ ሆድ ዕቃ ማውጣት ነው። በአንገቱ ሥር ያለው እህል የሚጠራቀምበት ከረጢት ሳይፈርጥ ይላቀቃል፤ ከዚያም ቢላው በፊንጢጣው ዙሪያ በጥልቀት ሳይገባ ዞሮ አንጀቱ እንዳለ ይሳባል። በጉበቱ ላይ የተለጠፈችው አረንጓዴ ሐሞት ከፈሰሰች የነካችውን ሥጋ ሁሉ ስለምታመር፣ ጠንቃቃ ባለሙያ ከጉበቱ ጥቂት አብራ ቆርጣ ትጥላታለች።

ዶሮ በወግ 12 ብልት ይወጣለታል። የአጠራር ልዩነት ከቤት ቤት ቢኖርም ቅልጥም፣ ታፋ፣ መላላጫና ክንፍ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስምንት ሲሆኑ፣ ለአባወራ የሚቀርበው ፈረሰኛ የተባለው የደረት ክፍል፣ አንገት፣ ጀርባና ጎድን ቁጥሩን ይሞላሉ። አጥንት መስበር የባለሙያ ምልክት አይደለም፤ ቢላው መገጣጠሚያውን ፈልጎ ካገኘ ያለ ጉልበት ያልፋል። ቆቅን ግን በ12 መከፋፈል ሥጋውን በአጥንት ላይ ማባከን ስለሚሆን ለአራት ወይም ለስድስት ቢወጣ ይበቃዋል።

ብልቱ በጨውና በሎሚ ታሽቶ ውኃው እስኪጠራ ደጋግሞ ይታጠባል። ሎሚው ጠረን ቢያጠፋም ሳልሞኔላን የመሰሉ ጀርሞችን አይገድልም፤ የሚገድላቸው እስከ አጥንቱ ድረስ በደንብ መብሰል ነው። ከእጥበቱ የሚረጨው ውኃ ጀርሙን ወደ ሰላጣና ወደ ሰሃን ስለሚያደርስ፣ ልማዱን የማይተው ቤት ሳፋውን ከሌላ ምግብ ማራቅ ይኖርበታል። የዱር ወፍ ጮማ ስለሌለው ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ ገብቶ በዝግታ ካልተንተከተከ ይደርቃል።

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አደንን በፈቃድ ብቻ የወሰነ ሲሆን፣ በዓባይና በጀማ ሸለቆዎች የሚኖረው የሃርውድ ቆቅ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም ስለማይገኝ ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልገዋል። ፈቃድ የሌለው ሰው ቆቁን ትቶ ዶሮውን ይበልት።