የሄደር ፋይሎች አፈላለግ በሲ ፕሮግራም ትምህርት

የሲ ቋንቋን መማር የጀመረ ተማሪ ቶሎ የሚገጥመው እክል አለ፤ ይኸውም ፕሮግራሙ ጉድለት ሳይኖርበት ኮምፓይለሩ «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ፎልደር የለም» ብሎ ሥራውን ማቆሙ ነው። ተማሪው ቋንቋው ያልገባው ይመስለዋል። ችግሩ ግን የአድራሻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1972 ገደማ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በዴኒስ ሪቺ የተቀረጸው ሲ፣ አንዱን ፕሮግራም በብዙ ፋይሎች ከፋፍሎ መጻፍን ይፈቅዳል። ፋይሎቹ በጋራ የሚያስፈልጓቸው መግለጫዎች «ሄደር» በተባለ ፋይል ይቀመጣሉ። ኮምፓይለሩም «ኢንክሉድ» የሚል ትእዛዝ ባገኘበት ቦታ የሄደሩን ጽሑፍ በሙሉ ይተካል። ሄደሩ የት እንደሚፈለግ ግን የቋንቋው ደንብ በዝርዝር አልወሰነም፤ ለየኮምፓይለሩ ትቶታል።

በነጻ የሚገኘው ጂ.ሲ.ሲ. የሄደሩ ስም በትእምርተ ጥቅስ ሲጻፍ በመጀመሪያ ትእዛዙን የያዘው ፋይል የሚገኝበትን ፎልደር ያያል። ካጣ በተጠቃሚው የተነገሩትን ፎልደሮች በተራቸው፣ በመጨረሻም የሥርዓቱን ፎልደሮች ይፈትሻል። ስሙ በማዕዘናዊ ቅንፍ ከተጻፈ የመጀመሪያውን ደረጃ ይዘለዋል። ተጠቃሚው ፎልደር የሚነግረው በትእዛዙ መሥመር ላይ ሰረዝና «አይ» የተባለውን ትልቅ የላቲን ፊደል ጽፎ አድራሻውን በማስከተል ነው። ኮምፓይለሩ እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ በታዘዘለት መደርደሪያ ብቻ ይፈልጋል፤ በፎልደሩ ውስጥ ወዳሉት ንኡስ ፎልደሮች እንኳ ራሱ አይገባም። ቀድሞ ያገኘውን ስመ ሞክሼ ስለሚያነሣም ተማሪው ለራሱ ሄደር የሥርዓቱን ሄደር ስም መስጠት የለበትም።

አንዳንድ መምህራን ችግሩን ለማቃለል ሙሉውን አድራሻ በፕሮግራሙ ውስጥ ያስጽፋሉ። ይህ ደግ አይደለም፤ በመምህሩ ኮምፒዩተር የሠራው ፕሮግራም በተማሪው ኮምፒዩተር እምቢ ይላል። አንጻራዊ አድራሻ ይሻላል፤ ሆኖም በትእዛዙ መሥመር ላይ ሲሰጥ የሚቆጠረው ኮምፓይለሩ ከተጠራበት ፎልደር እንጂ ፕሮግራሙ ካለበት አይደለም። የላቦራቶሪው ሰዓት የሚባክነው በአመዛኙ እዚህ ላይ ነው።

ተማሪው መፍትሔውን ከኢንተርኔት መፈለግ ለምዷል። ነገር ግን ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት መቀሌ ለረጅም ጊዜ ከኢንተርኔት ተቆርጣ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚቀረው አስረጅ ራሱ ኮምፓይለሩ ነው። ሰረዝና ትንሹ «ቪ» ፊደል ሲጨመርለት ጂ.ሲ.ሲ. የሚፈትሻቸውን ፎልደሮች በተራቸው ይዘረዝራል፤ የሌለ ፎልደር ቢነገረውም ለይቶ ይጠቁማል። ዝርዝሩን ማንበብ ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ አይፈጅምና በመጀመሪያዎቹ የላቦራቶሪ ልምምዶች ሊመደብ ይገባል።

ሄደሩ ተገኝቶ ሳለ ፈንክሽኑ አልተገኘም የሚል መልእክት ከመጣ ግን ጉዳዩ የተተረጐሙትን ፋይሎች የሚያያይዘው የሊንከር ነው፤ የሄደር አድራሻ ማብዛት በዚህ ጊዜ አይረዳም።