ጎርፍ ማደሪያ ሲያጣ

በበዓል ዋዜማ በአዲስ አበባዋ ለቡ መንገድ ዳር ቄጤማ በእስር በእስር ተደርድሮ ይሸጣል። ገዢው ዋጋ ይጠይቃል፣ እርጥብ መሆኑን ዳስሶ ያያል፣ ከረከቦቱ ሥር ሊጎዘጉዘው ተሸክሞ ይሄዳል። ከየት እንደታጨደ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቄጤማ የሚበቅለው ጨፌ ላይ ነው፤ ረግጠውት ሲያልፉ እግር የሚያሰምጥ፣ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚተኛበት መሬት ላይ። በቀዳም ስዑር ካህናት ለምእመናን ቄጤማ የሚያድሉት የኖኅ ርግብ የጥፋት ውሃ መጉደሉን ያበሰረችበት ምልክት ነው ተብሎ ነው። የጎርፍን ማብቃት በቄጤማ የምናስታውስ ሰዎች፣ ጎርፍ የሚያድርበትን ጨፌ በአፈርና በድንጋይ እየሞላን ቤት ሠራንበት። የደቡብ አዲስ አበባ ጎርፍ ከዝናቡ ብዛት ባልተናነሰ የዚህ ማደሪያ መጥፋት ውጤት ነው።

የአዲስ አበባ መሬት እንደ ጣሪያ ዘንበል ያለ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከሚበልጠው የእንጦጦ አናት ተነስቶ 2,100 ሜትር ገደማ ወደሆነው የአቃቂ ሜዳ ይወርዳል። ለቡ ከፉሪ ተራራ ግርጌ፣ በትንሹ አቃቂ ተፋሰስ ውስጥ፣ የዚህ ጣሪያ ክፈፍ አጠገብ ትገኛለች። መረሬ አፈሯ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ሲጠግብ ግን ያብጥና ይዘጋል፣ ውሃውንም በላዩ ያስተኛዋል። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በፉሪ ለቡ ጣቢያ ሲመረቅ ጣቢያው የከተማው ጫፍ ነበር፤ ዛሬ ሰፈሩ አልፎት ሄዷል። ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ቁልቁል ወርደው የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ላይ ነው። ይህ ግድብ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነበር። ዳሩ ግን ከላይ የሚወርደው ደለል እየሞላው ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ፣ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ነው ዳግም የተነሳው። በዙሪያው የቀረው ረግረግ እስከ ዛሬ ከአውሮፓ ክረምት ሸሽተው የሚመጡ ኩርኪዎችን ያስተናግዳል። የግድቡ ታሪክ ለለቡ ትምህርት ነው፤ ከላይ ያለው ጨፌ ያላስቀረው ደለል ከታች ግድብ ይሞላል።

ጨፌ ለጎርፍ ምን እንደሚያደርግ በቀላል ሒሳብ ይታያል። አንድ ሄክታር ጨፌ ውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚልበት ቦታ ካለው 3,000 ሜትር ኩብ ያቆራል። በአንድ ከሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ከአንድ ሄክታር ቆርቆሮና አስፋልት የሚወርደው 500 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ስለዚህ አንዱ ሄክታር የስድስት ሄክታር ሰፈር ጎርፍ ያሳድራል። ነሐሴ ላይ ግማሹ አስቀድሞ ሞልቶ ቢጠብቅ እንኳ የሦስቱን ይችላል። ተደልድሎ ቤት ሲሠራበት ግን የሌላው ሰፈር ውሃ ማደሪያ ያጣል፣ የራሱም ጣሪያ ጎርፍ ይጨመርበታል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በመጀመሪያው ክረምት ደጃፍ አጨቅይቶ የሚያልፈው በሌላው ክረምት አጥር ገፍቶ ይገባል። ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የደረሰው ድንገተኛ ጎርፍ የሰባት ሰው ሕይወት ወስዷል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰዎችን አጥፍቷል።

ጥፋቱ የአየር ንብረት ለውጥ ነው፣ ለውጡንም ያመጡት ሀብታሞቹ አገሮች ናቸው የሚል መከራከሪያ አለ። እውነትነት አለው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የአፍሪካ ቀንድን ያጥለቀለቀውን ዝናብ ያጠኑ ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎችም፣ ለውጡ ዝናቡን እስከ ሁለት እጥፍ ሳያበረታው እንዳልቀረ ገልጸዋል። ነገር ግን ዝናቡ የሚበረታ ከሆነ ማደሪያውን ማስፋት እንጂ ማጥበብ አይገባም። ከጳጉሜን 3 እስከ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ የዓለሙን ጉባኤ፣ ኮፕ 32ን ታስተናግዳለች። በእንዲህ ያሉ መድረኮች ስለ ፋይናንስ ብዙ ይባላል። «በዚህ ክፍለ ከተማ የቀረው ጨፌ የቱ ነው? ማንስ ይጠብቀዋል?» ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የሚሰጥ ኃላፊ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፦ ሕዝቡ ቤት ፈላጊ ሆኖ ሳለ መሬት ለቄጤማ አይተውም ይላል። ሆኖም ቁጠባውን አሟጦ ጨፌ ላይ ቤት የሠራ ሰው ያገኘው በየክረምቱ ውሃ የሚቀዳበት ሳሎን ከሆነ፣ የቤት ችግሩ አልተፈታለትም። ሦስተኛው፣ የወንዝ ዳርቻ ልማቱ ይበቃል የሚል ነው። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ወንዞችን የማስዋብ ፕሮጀክት በ29 ቢሊዮን ብር 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ነበር፤ ቆሻሻ መጣያ የነበሩትን ወንዞች እንደ ቁም ነገር ማየቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁንና ድንጋይ የለበሰ ዳርቻ ውሃን ያጣድፋል እንጂ አያሳድርም። የላዩ ሰፈር ሲድን የታችኛው፣ ለቡና አቃቂ፣ ይቀበለዋል። ችግኝ መትከልም ጨፌን አይተካም፤ ባሕር ዛፍ ከተተከለበት እንዲያውም ያደርቀዋል።

እንደ እኛው ቤት ያጠራት፣ እንደ እኛው ኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ኪጋሊ ግን ተጎሳቁሎ የነበረውን የንያንዱንጉን ረግረግ አድሳ፣ ከ100 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ፓርክ አድርጋ በ2014 ዓ.ም. ለሕዝብ ከፍታለች። ለለቡም የሚያስፈልገው ከዚህ የራቀ አይደለም። የቀሩት ጨፌዎች ተለክተው ድንበራቸው በድንጋይ ይተከል፤ በከተማው ፕላን ላይ እንደ መንገድና እንደ ቦይ የሕዝብ መሠረተ ልማት ሆነው ይመዝገቡ፤ የግንባታ ፈቃድም ከዚያ በኋላ ይሰጥ። በአፋን ኦሮሞ ጨፌ ማለት ረግረጋማው መስክም ነው፣ የገዳው ሸንጎም ነው፤ የኦሮሚያ ምክር ቤትም ስሙን ከዚያ ወስዷል። የዚህ አገር ሰው ስለ አገሩ የሚመክረው እርጥቡ ሣር ላይ ተቀምጦ ነበር። የዓለም እንግዶች ስለ ውሃና ስለ ሙቀት ሊመክሩ ሲመጡ ከአዳራሹ ወጥተው በእግራቸው የሚረግጡት አንድ ጨፌ ለቡ ላይ ሊቆያቸው ይገባል።