በካራማራ ግርጌ አበባ ስለ መዝራት

የሰው ልጅ በምድር ሲኖር አስቀድሞ የሚሻው እንጀራና ውኃ፤ ቀጥሎም ልብስና መጠለያ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን እነዚህ ብቻ ስለ ተሟሉለት ኑሮው ሙሉ አይሆንም። ዓይኑ የሚያርፍበት፤ ልቡም ደስ የሚሰኝበት ነገር ያስፈልገዋል። ከዚህም ዓይነቱ ነገር ሁሉ ለድኻውም ለባለጸጋውም የማይከብደው፤ በእፍኝ ዘር የሚጀመረው አበባ ነው።

ይህን ቃል ዝናም በማያጣው ደጋ መናገር ቀላል ነው። ከካራማራ ተራራ በስተ ምሥራቅ በተዘረጋው በጅጅጋ ሜዳ ሲነገር ግን ወዲያው ጥያቄ ይነሣል። ውኃ በጀሪካን እየተለካ ወደ ቤት በሚገባበት አገር ለአበባ ውኃ ማፍሰስ ይገባልን? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ስለ ታጐሉ፤ በሱማሌ ክልል ብዙ አርብቶ አደር ከብቱን አጥቶ እንደ ነበረ የሚዘነጋ አይደለም። ስለዚህ አበባ ዝሩ ብሎ የሚመክር ሰው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ውኃው መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት።

መልሱም በቀላል ሒሳብ ይገኛል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ ልኩ አንድ ሊትር ውኃ ነው። እንግዲህ 20 ሚሊ ሜትር የዘነበ እንደ ሆነ፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ፈሰሰ ማለት ነው። 10 ካሬ ሜትር የሆነች ትንሽ መደብ ዐሥር ጀሪካን ያለ ዋጋ ተቀበለች። 30 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የቆርቆሮ ጣራም በዚያው ዝናም 600 ሊትር ያህል ያወርዳል፤ ጥቂቱ በየመንገዱ ቢባክን እንኳ የቀረው በበርሜል ተጠራቅሞ ለብዙ ቀን ይበቃል። ስለዚህ ጥበቡ ውኃ እየገዙ ማጠጣት ሳይሆን፤ ዘሩን ከዝናሙ ጋር በጊዜው ማገናኘት ነው።

የአገሩ ሰዎች የሱማሌ ሽማግሎች የዝናሙን ወራት ለይተው ያውቃሉ። ጉ የሚሉት ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ በበልግ የሚዘንበው ነው። ከረን የሚሉት ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘንበው ነው። ጅላል የሚባለው ረጅሙ በጋ ሲገባ ግን ዘር የሚበተንበት ጊዜ ዐለፈ። እንዲህ ላለው አገር የሚስማማው፤ ዕድሜው አንድ ዝናም ብቻ የሆነ ዓመታዊ አበባ ነው። ዓመታዊ የሚባለውም በአንድ ወራት ውስጥ በቅሎ፤ አብቦ፤ ዘሩን አፍርቶ የሚደርቅ ነው። በጋውን የሚያሳልፈው በሥር ወይም በግንድ ሳይሆን በዘር ተሰውሮ ስለ ሆነ፤ በድርቁ ጊዜ ውኃ አይጠይቅም።

የዚህም ምሳሌ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በመስከረም የደጋውን ሜዳ ወርቅ የሚያስመስለው አደይ አበባ ዓመታዊ ነው። ቅባቱ የሚፈለገው ኑግም እንደዚሁ ነው። ደግሞም ሱፍ፤ ዚንያ፤ ኮስሞስና ማሪጎልድ የሚባሉት ለጀማሪ የሚቀሉ አበቦች ሁሉ የአደይና የኑግ ቤተ ዘመድ ናቸው። ሱፍ የመጣው ከሰሜን አሜሪካ፤ ሦስቱም ከሜክሲኮና ከአካባቢዋ ነው። የሜክሲኮ ከፍተኛ ሜዳ ዝናሙን በክረምት ተቀብሎ በጋውን በድርቅ የሚያሳልፍ ስለ ሆነ፤ አበቦቹ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በጅጅጋ ቢዘሩ ጠባዩ አይከብዳቸውም። ኮስሞስን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1791 ዓ.ም. በዚህ ስም የጠራው ካቫኒዬስ የሚባል እስፓኛዊ የዕፅዋት ዐዋቂ ሲሆን፤ እርሱም ካህን ነበረ። ስሙ በግሪክ ቋንቋ ሥርዓትና ጌጥ ማለት ነው።

አዘራሩም እንዲህ ነው። የጅጅጋ ሜዳ አፈር በብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዝናም ሳይገባ መሬቱን ቈፍሮ ማለስለስ፤ አሸዋና የበሰበሰ ፍግ መቀላቀል፤ መደቡንም ውኃ እንዳይተኛበት ከፍ ማድረግ ያሻል። ለኮስሞስ ግን ፍግ ማብዛት አይገባም፤ ቅጠሉ ይበዛና አበባው ያንሳል። የከረን ዝናም መሬቱን ደኅና አድርጎ ካራሰ በኋላ፤ የዚንያ፤ የኮስሞስና የማሪጎልድ ዘር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል፤ የሱፍ ዘር ግን ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ጥልቀት ይቀበራል። በሳምንት ወይም በጥቂት ቀን ብልጫ ይበቅላል። ቡቃያው ሲጠና የበዛውን ነቅሎ በመካከሉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መተው ይገባል። ለነቀላ የሚያዝን ሰው ሁሉንም ያቀጭጫል። ዚንያና ኮስሞስ አንድ ስንዝር ሲደርሱ ጫፋቸው ቢቀነጠብ ቅርንጫፍ ያበዛሉ።

በሐምሌ 20 ቀን ገደማ የተዘራ ዚንያ ከ60 እስከ 70 ቀን ውስጥ ስለሚያብብ፤ የሚደርሰው በመስከረም አጋማሽና መጨረሻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወርኃ ጽጌ የሚገባው በመስከረም 26 ቀን ስለ ሆነ፤ ማኅሌተ ጽጌ በሚቆምበት ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ራሱ ያበበ ይሆናል ማለት ነው። የጠወለገው አበባ ቶሎ ቶሎ ከተቈረጠ ተክሉ እንደ ገና ያብባል። ከሁሉ ያማረውን ግን ሳይቈርጡ አድርቆ፤ ዘሩን በወረቀት ጠቅልሎ በደረቅ ቦታ ማኖር ነው። ይህን ያደረገ ሰው በሚመጣው ዓመት ዘር አይገዛም።

ሁለት ጠላቶችን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ፍየል ነው፤ የእሾህ አጥር የሌለው መደብ ለፍየል እንደ ተዘራ ይቈጠራል። ሁለተኛውና የሚብሰው ፓርቴኒየም ወይም ቅንጨ አረም የሚባለው ነው። ይህም እንደ ሌሎቹ ከአሜሪካ የመጣ ዓመታዊ፤ ዘሩም እጅግ ብዙ ሲሆን፤ ማንም ሳይዘራው የግጦሹን ሣር አጥፍቶ የወተቱን ጣዕም ያበላሻል። ትንንሽ ነጭ አበባው ሳይፈነዳ በጓንት ወይም በጨርቅ ይዞ ከነሥሩ መንቀል ይገባል። ባዶ የተተወ መሬት ሁሉ ለዚህ አረም ቤት ስለ ሆነ፤ መሬትን በመልካም ተክል መሸፈን ከጌጥነቱ ሌላ መከላከያም ነው።

«በአበባ ፈንታ ሽንኩርትና ቲማቲም አይሻልምን?» የሚል ሰው ይኖራል። ሁለቱ አይጣሉም። በአትክልቱ ጠርዝ የተዘራ አበባ ንብ ስለሚጠራ ዱባው ደኅና ያፈራል። የማሪጎልድ ሥርም የቲማቲምን ሥር የሚያቈስሉትን ረቂቅ ትሎች ያሳንሳል። በእንግሊዝ አገር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. በወጣው ሕግ፤ የከተማ ምክር ቤቶች መሬት ለሌለው ነዋሪ የጓሮ ቦታ እየከፈሉ እንዲያከራዩ ግዴታ ተጣለባቸው። በዚያም ቦታ ጎመንና አበባ ጎን ለጎን ይበቅላሉ።

ጅጅጋም ለዚህ አሳብ እንግዳ አይደለችም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1909 ዓ.ም. ገደማ የጅጅጋ ገዥ በነበሩ ጊዜ፤ ከተማይቱ መንገዶቿ ቀጥ ብለው በሥርዓት እንድትሠራ አድርገዋል። መንገድን ያቀና እጅ የመንገዱን ዳርቻም ማሳመር ይችላል። በየመሥሪያ ቤቱ፤ በየትምህርት ቤቱና በየጸሎት ቤቱ ቅጥር ውስጥ ያለ ሥራ የተቀመጠ መሬት ጥቂት አይደለም። አለቃው ያንን መሬት በ10 በ10 ካሬ ሜትር ከፍሎ ለሠራተኞቹ ቢያድል፤ የጣራውንም ውኃ በበርሜል ቢያስጠራቅም፤ ከመንግሥት ሣጥን ብዙ ገንዘብ አይወጣም። ዝናም በታጐለ ዓመት ዘሩ በወረቀቱ ይቈይ፤ ሰውና ከብት ይቅደሙ። ዝናም በመጣ ዓመት ግን ዘርን በቤት አስቀምጦ መሬቱን ለአረም መተው ስንፍና እንጂ ቍጠባ አይባልም።

የካራማራ ስም ሲነሣ የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው ወደ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጦርነት ነው። ያ ታሪክ አይረሳም። ዛሬ በተራራው ግርጌ ለሚኖር ትውልድ የተተወለት ሥራ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ብዙ ደም የፈሰሰለትን መሬት ማልማትና ማሳመር ነው። ለሥራውም መጀመሪያ አንድ እፍኝ ዘርና አንድ ዝናም ይበቃሉ።