ኦቲዝም ላለበት ወጣት ወላጁ ሲያሠለጥነው

ኦቲዝም ያለበት የ14 ዓመት ልጃችሁ ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ብቻውን ሲቆም አይታችሁ «ሂድና ሰላም በላቸው» ብላችሁት ይሆናል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ተግባቢ ወጣቶች ራሳቸው እንዲህ ዘለው አይገቡም።

በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤልዛቤት ላውጀሰን እና ፍሬድ ፍራንክል ያዘጋጁት «ፒርስ» የተባለ ሥልጠና አለ። በቃል ሐሳባቸውን መግለጽ ለሚችሉ ወጣቶች የተዘጋጀ ሲሆን፣ አዋቂ የሚመክረውን ሳይሆን ወጣቶች በእርግጥ የሚያደርጉትን ያስተምራል። ልጁ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ያዳምጣል፤ ወሬው የሚያውቀው ከሆነ ጋብ እስኪል ይጠብቅና ጠጋ ብሎ በዚያው ርእስ አንድ ነገር ይናገራል። ፊት ከነሡት ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሲያሾፉበትም ዝም ከማለት ይልቅ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ዓይነት አጭር መልስ ሰጥቶ ዞር ይላል። (ለእናትና ለአስተማሪ ግን አይባልም! ለሚማታም አይሆንም።)

በየሳምንቱ ለ90 ደቂቃ ልጆቹ በአንድ ክፍል፣ ወላጆች በሌላ ክፍል ሆነው ያንኑ ይማራሉ። የቤት ሥራውን የሚያስለምደው ወላጅ ነውና። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ 33 ወጣቶች ብቻ በተሳተፉበት ጥናት፣ የሠለጠኑት ተራ ከሚጠብቁት ይልቅ ጓደኛ ወደ ቤት መጋበዝ አዘውትረዋል።

እናንተም ከዚህ ጀምሩ። አንድ ልጅ ይጋበዝ፤ ከሁለት ሰዓት አይብለጥ። ጨዋታውን የሚመርጠው እንግዳው መሆኑን ለልጃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት። እናንተ ወጥ ቤት ሁኑ፤ ጆሯችሁ ግን ሳሎን ይሁን። ስሕተቱን የምታርሙት እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው።