የባዕድ ቋንቋን ከሀብት ትምህርት ጋራ ስለ መማር

የመዘዞ ተወላጅ የሆነው የእኅቴ ልጅ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነው። ለገና በዓል መጥቶ፥ «አጎቴ ሆይ፥ ከዋናው ትምህርቴ ጋራ ፈረንሳይኛ ልማር አስቤ ነበር፤ አባቴ ግን አልፈቀዱም» ብሎ አዋየኝ። አባቱም፥ «ነጥቡ ቢወድቅ ማን ይመልስለታል? የያዘውን ይጨርስ» አሉ። ይህ የብዙ ቤተሰብ ጭንቀት ስለ ሆነ ለአንባቢዎች ልጽፈው ወደድሁ።

እኔ ዳዊት ደግሜ፥ ኋላም ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ቀምሼ የወጣሁ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። አንድ ቀን የንግድ ውል ስተረጉም «ኤስኮምት» የሚል ቃል አገኘሁ፤ «ኮምት» ሒሳብ መሆኑን ስለማውቅ ሒሳብ ብዬ ጻፍሁት። ለካስ ቃሉ ዕዳ ከቀኑ አስቀድሞ ሲከፈል የሚደረግ ቅናሽ ኖሯል። ነጋዴው ባያርመኝ ኖሮ ቅናሹ ዕዳ ሆኖ በሰው ላይ ይፈረድ ነበር። ቋንቋው ነበረኝ፤ የንግዱ ዕውቀት ግን አልነበረኝም።

የዚህን ተገላቢጦሽ በመዘዞ እናያለን። ቡናማና ብርቱካንማ መልክ ያለው የመዘዞ ኦፓል በ1986 ዓ.ም. ገደማ በውጭ ገበያ ታወቀ። ድንጋዩ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ አለበትና ገዢው ዋጋውን በዚሁ ያወርዳል። ከዚህም በላይ የተቆረጠ የከበረ ድንጋይ በውጭ አገር የሚሸጠው በካራት ነው፤ አንድ ግራምም 5 ካራት ነው። የተጠራለት ዋጋ የግራም ይሁን የካራት ያልለየ ባለድንጋይ አንዱን በአምስት እጅ ይስታል። የዋጋውን ማስታወቂያ ለማንበብ ቋንቋ፥ ዋጋው የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ለማወቅ የሀብት ትምህርት ያስፈልጋል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን አስቡ። ጀርመንኛን በባዕድ አገር ተምረው በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ሕክምና ነበር፤ ነገር ግን ቋንቋው የሌላውን ዕውቀት በር ከፈተላቸው። በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው፥ ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ ብዙ ድካሙን ለጥቂት የባዕድ ዕቃ እንደሚለውጥ ያስረዳል። አቶ ይልማ ዴሬሳም በእስክንድርያ ቪክቶርያ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት አጥንተው የገንዘብ ሚኒስትር ሆነዋል።

ለልጁ የመከርሁት ይህ ነው። የዩኒቨርሲቲው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነውና አንድ የባዕድ ቋንቋ አስቀድሞ ተሸክሟል፤ በዚያ ላይ አንድ ብቻ ይጨምር። ዓረብኛንም ባንድነት ልጀምር ባለ ጊዜ ግን ሳቄ መጣብኝ። የንግዳችን በር የሆነችው ጅቡቲ የሥራ ቋንቋዎቿ ሁለቱም መሆናቸውን አልካድሁም፤ ሆኖም የሰው ሌሊት አንድ ነው።

አባቱ እስከ ሰኔ ድረስ ፈቀዱለት፤ ነጥቡ ከወረደ ፈረንሳይኛው ይቀራል። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፥ «መዝገበ ቃላቱን ግን አንተ ትገዛለህ» አሉኝ።