እንጀራ ሲጋገር የሚጠፋው ሆም ቴአትር

እናቴ ሳሎን ውስጥ ያለው ሆም ቴአትር ሲጠፋ አስቀድሞ «ጠቅ» ይላል። ከዚያ ዝም። ቴሌቪዥኑ ላይ ተዋናዮቹ መነጋገራቸውን ይቀጥላሉ፤ ድምፃቸው ግን የለም። ማሽኑ ፊት ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። አንዳንዴ ፊልሙ ሲጦፍ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዜና አንባቢዋ ረጋ ብላ ስታነብ ይጠፋል። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሰነበተ። መጥቶ ያየው ጠጋኝ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «አርጅቷል፣ በሌላ ቀይሩት» ብሎ ፈረደበት። ዋናውን ፍንጭ በኋላ የሰጠችኝ እናቴ ናት። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን እንዲህ ያለ ማሽን ለምን ራሱን እንደሚያጠፋ ላስረዳ፤ ብዙ ደህና ዕቃ የሚጣለው ይህ ባለመታወቁ ነውና።

ዕቃው ጀርባ ላይ «ሪሲቨር» የሚል ተጽፏል። ቃሉ እኛ ዘንድ ለዲሹ ማሽን ስለተሰጠ ግር ያሰኛል። እዚህ የምለው ከቴሌቪዥኑና ከሌሎች ዕቃዎች የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ አጉልቶ፣ ለአምስት ወይም ለሰባት ስፒከር የሚያከፋፍለውን ከባዱን ሣጥን ነው። እንዲያ የሚከብደው በተለይ ሆዱ ውስጥ ባለው ትራንስፎርመር ምክንያት ነው፤ ይህን ትራንስፎርመር አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሪሲቨር እንደበራ ወዲያው ድምፅ አይሰጥም። ጥቂት ሰከንድ ይቆይና «ጠቅ» ይላል፤ ስፒከሮቹ የሚናገሩት ከዚያ በኋላ ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ራሱን ይመረምራል። ወደ ስፒከር በሚሄደው መስመር ላይ ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኮረንቲ፣ አለ ወይ? ሙቀቱ ልክ ነው? የውስጥ ቮልቴጁ ሞልቷል? ሁሉም ደህና ሲሆን ሪሌይ የምትባለው፣ በኤሌክትሪክ የምትንቀሳቀሰው ማብሪያ ማጥፊያ መስመሩን ትገጥማለች፤ ጠቅታው የእርሷ ነው። ምርመራው ማሽኑ በርቶ እስካለ ድረስ አይቋረጥም። ከመልሶቹ አንዱ ሲበላሽ ሪሌይዋ ትለቃለች፣ ማሽኑም ይጠፋል። አንዳንዱ ማሽን ፊቱ ላይ «ፕሮቴክት» የሚል ቃል ይጽፋል፤ «ራሴን እየጠበቅሁ ነው» ማለቱ ነው። ምርመራው እንደ በር ዘብ ነው፤ አደጋ ባየበት ጊዜ በሩን ዘግቷልና «ምኑ ተበላሸ?» ከማለት በፊት «መቼ ነው የሚጠፋው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። «ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው» የሚባለው ማሽን ብዙውን ጊዜ የራሱ ሰዓት አለው፤ ያልታየው ሰዓቱ ነው።

ከበራ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቆይቶ የሚጠፋ፣ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ምንም እንዳልሆነ የሚነሣ ከሆነ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው። አብዛኞቹ ሪሲቨሮች የሚጠቀሙበት ክላስ ኤቢ የሚባል የማጉያ ዓይነት በስሌት እንኳ ቢሆን ከሚወስደው ኃይል ከ78.5 በመቶ በላይ ለስፒከር ማድረስ አይችልም። እኛ በምናዳምጠው መካከለኛ ድምፅ ደግሞ የሚያደርሰው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የቀረው ኃይል ሁሉ ሙቀት ይሆንና በትራንዚስተሮቹ ላይ ይወድቃል። የሲሊከን ትራንዚስተር እምብርቱ ብዙ ጊዜ ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አይችልም። ክዳኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የተበሱት ለዚህ ነው፤ ሞቃቱ አየር ሽቅብ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከሥር እንዲገባ።

የእኛን ሳሎኖች አስቡ። ማሽኑ ቡፌ ውስጥ ይገባል፣ መስተዋቱ ይዘጋል። ቡፌ ውስጥ ካልገባ ደግሞ በእጅ የተሠራ ያማረ ዳንቴል ይለብሳል፣ ዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ይቀመጣል። ዳንቴሉን የሠሩት እጆች ክብር ይገባቸዋል፤ ማሽኑ ግን በአፍንጫው ላይ ጨርቅ እንደታሰረበት ሰው ነው የሚሆነው። አዲስ አበባ ላይ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያነሰ ነው። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሠሩ ታስበው እንደተሠሩ መመሪያቸው ላይ ተጽፎ ይገኛል። እኛ ከዚያ በላይ ነው የምንኖረው፤ ስለዚህ ለእኛ ማሽን ክፍት ቦታ ከሌላው ይልቅ ያስፈልገዋል። ከላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይተውለት፣ አቧራውም በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግለት።

ሙቀት ቶሎ ባያጠፋውም ቀስ ብሎ ይበላዋል። በማሽኑ ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ ክፍሎች አሉ። ሥራቸው በየግቢያችን እንደቆመው ሮቶ ነው። የግድግዳው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ ተስተካክሎ ወደ ማሽኑ የሚገባው ኃይል በሰከንድ 100 ጊዜ እየመጣ እየሄደ ነው፤ በፈረቃ እንደሚመጣ ውኃ። ካፓሲተሩ ሲመጣ ይሞላል፣ ሲቋረጥ ከያዘው ያካፍላል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ይደርቃል። በ10 ዲግሪ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር መሐንዲሶች ይቆጥራሉ። የደረቀ ካፓሲተር እንደሚያፈስ ሮቶ ነው፤ ከባድ የፈንጂ ድምፅ ሲመጣ የሚሰጠው ያጣል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ዘቡም በሩን ይዘጋል። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር የታየ እንደሆነ መቀየር ነው። ይህ ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ትልልቆቹ ማሽኑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰውን የሚጎዳ ኮረንቲ ይይዛሉና ክዳኑን በየቤታችሁ አትክፈቱ።

ድምፁ ከፍ ሲል ብቻ የሚጠፋ ማሽን ሌላ ነገር ይናገራል። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ ያስቀመጠው ሕግ ቮልቴጁ ሳይለወጥ የመንገዱ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንቱን የሚያግደው ነገር፣ በግማሽ ሲቀንስ ከረንቱ እጥፍ ይሆናል ይላል። ማጉያው 20 ቮልት ወደ 8 ኦም ስፒከር ቢልክ 2.5 አምፒር ይሄዳል። ለበዓል ተብሎ በዚያው መቀጠያ ላይ ሁለተኛ 8 ኦም ስፒከር ጎን ለጎን ቢታሰር ማሽኑ የሚያየው 4 ኦም ነው፤ ከረንቱም 5 አምፒር ይሆናል። ሞንታርቦ ካልጨመርን የሚሉ ደጋሾች ማሽኑን የሚያስጨንቁት እንዲህ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ፀጉር የምታክል የመዳብ ክር ናት። የስፒከሩ ሽቦ ጫፍ ሲላጥ ከመቶው ክር አንዷ ታመልጥና ወደ ጎረቤት መቀጠያ ትደርሳለች። በዝግታ ሲጫወት ላትነካ ትችላለች፤ ባሱ ሳሎኑን ሲያነቀንቅ ትነካለች፤ ያን ጊዜ ሬዚስታንሱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ፣ እያንዳንዱን ጫፍ አውጥቶ፣ ክሮቹን አጥብቆ ገምዶ መመለስ ምንም ብር አያስወጣም። ጠጋኝ ከመጥራት በፊት መደረግ ያለበት ይህ ነው።

በሰዓቱ የሚጠፋም አለ። ልክ 20 ደቂቃ ድምፅ ሳይመጣ ሲቀር የሚጠፋ ከሆነ ኃይል ቆጣቢ መርሐ ግብሩ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ሥራ ሲፈቱ ራሳቸውን እንዲያጠፉ ያስገድዳል። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ በኤችዲኤምአይ ገመድ፣ በ13ኛዋ እግር በኩል «ተኛ» የሚል ትእዛዝ ደርሶታል። ሁለቱም ከማሽኑ ምርጫዎች ዝርዝር ውስጥ ይዘጋሉ።

የእናቴ ሪሲቨር ከእነዚህ ከአንዱም አልሆነም። ከቡፌው አወጣሁት፣ ዳንቴሉን አነሣሁ፤ ጠፋ። የስፒከሮቹን ጫፎች እንደገና ገመድሁ፤ ጠፋ። ስፒከሮቹን በሙሉ ነቅዬ ባዶውን አበራሁት፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራ፣ ከዚያ ስፒከር የሌለው ማሽን ጠፋ። ያን ጊዜ ችግሩ ከስፒከሩ በኩል እንዳልሆነ ገባኝ። ደብተር ይዤ ቀንና ሰዓት መጻፍ ጀመርሁ።

ደብተሩን እናቴ ከኩሽና ብቅ ብላ አየችው። «ምን ትጽፋለህ፣ ልጄ? እኔ ልንገርህ፤ እንጀራ በምጋግርበት ማታ ነው የሚጠፋው» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ሰምቼ አለፍሁት። ደብተሩን መለስ ብዬ ስቆጥር ግን ማሽኑ ከጠፋባቸው ሰባት ምሽቶች ስድስቱ የጋገረችባቸው ነበሩ። በሰባተኛው ምሽት የጋገረችው እዚያው ግቢ፣ ከዚያው መስመር የምትስበው ተከራይዋ ነበረች።

በማግስቱ ቴስተር ይዤ ሳሎኑ ሶኬት ላይ ለካሁ። 208 ቮልት። እናቴ ምጣዱን ሰካች፤ ቁጥሩ ወርዶ 182 ላይ ቆመ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል፤ የእርሷ በዚህ በደከመ ቮልቴጅ 13 አምፒር ያህል ይስባል። 26 ቮልቱ የጠፋው በመንገድ ላይ ነው፤ 26 ለ13 ሲካፈል 2 ኦም ይሆናል። ሳሎኑና ምጣዱ በሚጋሩት መስመር ውስጥ 2 ኦም የሚያግድ ነገር ተቀምጧል ማለት ነው።

ቴሌቪዥኑ ግን ለምን አልጠፋም? ትራንስፎርመሩን አስታውሱ። የዛሬ ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጀር ኃይላቸውን የሚያገኙት ከ100 እስከ 240 ቮልት ባለው መካከል የመጣላቸውን እያስተካከለ በሚያቀርብ ሥርዓት ነው። የሪሲቨሩ ትራንስፎርመር ይህን አያውቅም። በመዳብ ጥቅልሎቹ ቁጥር ልክ ነው የሚያካፍለው፤ በመግቢያው አንድ አምስተኛ ቢጎድል በመውጫውም አንድ አምስተኛ ይጎድላል። ለ230 ቮልት የተሠራው ማሽን 182 ሲደርሰው ይህን ያህል ገደማ አጥቷል፤ የውስጥ ቮልቴጁን የሚጠብቀው ዘብ «ሞልቷል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አልሞላም ሆነ።

ስታቢላይዘር ገዝቼ ማሽኑን በእርሱ በኩል ብሰካው ኖሮ ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር፤ ልገዛም ወጥቼ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ የመለሰኝ ሌላ ስሌት ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል እ.ኤ.አ. በ1841 እንዳሳተመው በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከከረንቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። 13 አምፒር በ2 ኦም ውስጥ ሲያልፍ 338 ዋት ሙቀት ይወጣል። ይህ በረጅም ሽቦ ላይ ከተበተነ ማንም አይሰማውም። ግን ከዚያ ውስጥ ግማሽ ኦሙ እንኳ በአንዲት የላላች መገናኛ ላይ ቢሆን፣ 85 ዋት ያህል ሙቀት በጡጫ በሚያክል ቦታ ላይ እየነደደ ነው፤ የድሮው ባለ ክር አምፖል በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ሲበራ እንደማለት ነው። እናቴ ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ትጋግራለች።

ኤሌክትሪሺያን ጠራን። ኮረንቲውን ከቆጣሪው አጥፍቶ መስመሩን ተከትሎ ሄደ። መጀመሪያ ያገኘው ብሬከሩ ላይ ያለውን የላላ ቡሎን ነው፤ በመፍቻ ሁለት ዙር ሙሉ ዞረለት። ቀጥሎ ኮርኒሱ ሥር ያለችውን ስካቶላ፣ የሽቦዎቹን መገናኛ ሣጥን፣ ከፈተ። በእጅ ተጠማዝዘው ፕላስተር የተጠቀለለባቸው ሁለት ሽቦዎች ነበሩ። ፕላስተሩ ከስሎ ተሰባብሯል፣ የሽቦው ልባስ ጠቁሮ ደርቋል፣ የሣጥኑ ክዳን ከውስጥ በኩል ቡናማ ሆኖ ተሸብሽቧል። ከላዩ ያለው የኮርኒስ እንጨት ሦስት ጣት አይርቅም ነበር። ሽቦዎቹን እስከ ንጹሑ መዳብ ቆርጦ በቡሎን በሚጠብቅ ማገናኛ ገጠማቸው።

የዚያን ቀን ማታ እናቴ ምጣዱን ስትሰካ ቴስተሩ 194 ቮልት አሳየ። የቀረው ጉድለት ከቆጣሪው እስከ ቤቱ ያለው ቀጭኑ የድሮ ሽቦ የሚያመጣው ነው፤ በሚቀጥለው ወር በወፍራም ይቀየራል፤ እስከዚያ ተከራይዋና እናቴ በተለያየ ቀን ሊጋግሩ ተስማምተዋል። ሪሲቨሩ ቡፌው ላይ፣ ክዳኑ ላይ ምንም ሳይደረግበት ተቀምጧል። ዳንቴሉ ወደ ሻይ ጠረጴዛው ተዛውሯል። ምጣዱ ላይ ሊጡ ሲፈስ የሚሰማው ድምፅና የፊልሙ ድምፅ ከሁለት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው እስከ መጨረሻው ተሰሙ።