«ያረጀ»፣ «የተጎሳቆለ»፣ «አደገኛ»፦ ስለ ሕንፃ ደኅንነት ቁጥጥር የሚያገለግሉ የአማርኛ ስያሜዎች

መግቢያ

የከተማ አስተዳደር ከሚያወጣቸው ጽሑፎች መካከል የቤት ማፍረሻ ትእዛዝ የአንድን ቤተሰብ ኑሮ በጥቂት ቃላት ይለውጣል። በዚህ ዐይነቱ ጽሑፍ የሚገኙት ቃላት ግን ብዙ ጊዜ ከዕለታዊ ንግግር እንዳሉ የተወሰዱ ናቸው። «ያረጀ»፣ «ያዘመመ»፣ «የተጎሳቆለ»፣ «ደሳሳ»፣ «ፈራሽ»፣ «አደገኛ» የሚሉት አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ ይታያል። በተራ ንግግር ይህ መፈራረቅ ጉዳት የለውም፤ በደንብና በትእዛዝ ውስጥ ግን ሊጠገን የሚገባው ቤት እንዲፈርስ፣ መፍረስ የሚገባው ደግሞ ሰው እንደያዘ እንዲቆይ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ስለ ሕንፃ ሁኔታ የሚነገሩትን ቃላት እንደየፍቺያቸው መለየት ነው። ሁለተኛው፣ ስያሜው የሕንፃውን ጉድለት ብቻ ሳይሆን ጉድለቱን የማስወገድ ግዴታ የማን እንደሆነ ጭምር ግልጽ ማድረግ እንዳለበት ማሳየት ነው።

1. ሁኔታን የሚገልጹ ቃላት

እነዚህን ቃላት በሦስት ወገን መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ወገን ዐይን የሚያየውን የሚናገሩ ቃላት ናቸው፤ «ያዘመመ»፣ «የተሰነጠቀ»፣ «የጎበጠ»፣ «ምስጥ የበላው» የመሳሰሉት። የእነዚህ ቦታ የመርማሪ መግለጫ ነው። አንድ ግድግዳ ማዘመሙ የሚታይ ነገር ሲሆን፣ ይወድቃል ወይስ አይወድቅም የሚለው ግን ገና መልስ አላገኘም። የእንጨትና የጭቃ ቤትን እንውሰድ። በዚህ ቤት ቶሎ የሚጎዳው ቋሚው ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ርጥበትና ምስጥ በዚያ በኩል ይገባሉ። ግድግዳው ሲያዘም ባለቤቱ በባላ ይደግፈዋል፤ የተበላው ቋሚ ተነሥቶ ሌላ ቢተካ ማገሩና ጣሪያው እንዳሉ ሆነው ቤቱ ሊጸና ይችላል። ስለዚህ «ያዘመመ» የሚለው ቃል ብቻውን የማፍረስ ምክንያት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ሁለተኛው ወገን ስሜትንና ግምትን የሚያሳዩ ናቸው። «ደሳሳ» የሚለው ቃል «ደሳሳ ጎጆ» በሚለው አነጋገር እንደሚታወቀው ዝቅታንና ድህነትን ያመለክታል፤ «ጎስቋላ» ደግሞ ሐዘኔታን ይቀሰቅሳል። ሁለቱም ለድርሰት የሚስማሙ ናቸው። ለደንብ ግን አይሆኑም፤ የቤቱን ጽናት ሳይናገሩ የነዋሪውን አቅም ይናገራሉና። «የተጎሳቆለ» ከእነዚህ ይሻላል፤ ግሡ አንድ ነገር በእንክብካቤ እጦት ከነበረበት ደረጃ መውረዱን ስለሚገልጽ፣ በልክ ከተበየነ የሙያ ቃል ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ወገን ፍርድን የሚያዝሉ ቃላት ናቸው፤ ዋናው «አደገኛ» ነው። ይህ ቃል የሚነገረው ከምርመራ በኋላ፣ የሚጠየቅበት ባለሙያ ወይም ሹም ሲኖር ብቻ መሆን አለበት። በዚህ ቦታ አንዳንድ ጊዜ የሚገባው «ለአደጋ የተጋለጠ» የሚለው ሐረግ ሌላ ፍቺ አለው። «ለአደጋ የተጋለጠ ሕንፃ» ጎርፍ ወይም እሳት የሚያሰጋው፣ ማለትም አደጋው ከውጭ የሚመጣበት ነው፤ «አደገኛ ሕንፃ» ግን ራሱ በሰው ላይ አደጋ የሚያመጣው ነው። ተርጓሚዎች ሁለቱን ሲያለዋውጡ አድራጊውና ተደራጊው ይገለበጣሉ።

«ያረጀ» ከሦስቱም ወገን ለብቻው የሚታይ ነው። ግሡ ለሰው፣ ለከብት፣ ለልብስና ለቤት የሚነገር ሲሆን የሚያመለክተው ዕድሜን ነው። ዕድሜ ደግሞ በራሱ አደጋ አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን የጎንደርን የፋሲል ግንብ «ጥንታዊ» እንለዋለን እንጂ «ያረጀ» አንለውም፤ ልዩነቱ የዓመት ቁጥር ሳይሆን የምንሰጠው ዋጋ ነው። በአንጻሩ አርማታው ሳይጠና የደገፈው እንጨት የተነሣበት ፎቅ ገና ሳይመረቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም «ያረጁ ሕንፃዎች ይፈርሳሉ» የሚል ደንብ ሁለት ጊዜ ይስታል፤ አንድም ጽኑውን አሮጌ ሕንፃ ያፈርሳል፣ አንድም ደካማውን አዲስ ሕንፃ ያልፋል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። አዋጁ ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ በሦስት ምድብ ሲከፍል መለኪያው ዕድሜ ወይም መልክ አልነበረም፤ የወለል ብዛት፣ በተሸካሚዎች መካከል ያለ የ7 ሜትር ርቀት፣ የ12 ሜትር ከፍታ፣ የሕንፃው አገልግሎት፣ እነዚህን የመሳሰሉ ሊለኩና ሊረጋገጡ የሚችሉ ነገሮች ነበሩ። ቁጥጥሩን የሚመራውንም ሰው «የሕንፃ ሹም» ብሎ ሰይሞታል። «ሹም» የሚለው ነባር ቃል ሥልጣንንና ተጠያቂነትን አንድ ላይ የሚይዝ በመሆኑ ስያሜው የተሳካ ነው።

2. «ፈረሰ»፦ አድራጊውን የሚሰውር ግሥ

በቁጥጥር ጽሑፎች ውስጥ እጅግ የሚደጋገመው ግሥ «ፈረሰ» ነው። የዚህ ግሥ ጠባይ ለሥነ ልሳን ባለሙያ ትኩረት የሚስብ ነው። «ገነባ» ተገብሮው «ተገነባ»፣ «ጠገነ» ተገብሮው «ተጠገነ» ይሆናል። «አፈረሰ» ግን ተገብሮውን የሚያገኘው ወደ መነሻው ወደ «ፈረሰ» ተመልሶ ነው። ስለዚህ «ቤቱ ፈረሰ» ሲባል ቤቱ በራሱ ጊዜ እንደወደቀ ወይም ሰው እንዳፈረሰው ከግሡ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

«ፈራሽ» የሚለው ቅጽልም ይህንኑ መንታነት ይወርሳል። «ፈራሽ በስባሽ» ሲባል በተፈጥሮው የሚጠፋ ማለት ነው። በማዘጋጃ ቤት ቋንቋ ግን «ፈራሽ ቤት» ብዙውን ጊዜ እንዲፈርስ የተወሰነበት ቤት ነው። የመጀመሪያው የባሕርይ፣ ሁለተኛው የውሳኔ መግለጫ ነው። አንድ ቤት ለመንገድ ወይም ለመልሶ ማልማት ሲባል የሚነሣ ከሆነ ፍጹም ጽኑ ሆኖ ሳለ «ፈራሽ» ሊባል ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የግል ንብረትን ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ይደነግጋል፤ የአደገኛ ሕንፃን ጉድለት ማስወገድ ግን ከባለቤቱ ግዴታ የሚጀምር ነገር ነው። «ፈራሽ» የሚለው አንድ ቃል ሁለቱን ጉዳዮች ሲሸፍን፣ ነዋሪው ካሳ የሚጠይቅበት ነው ወይስ ወጪ የሚጠየቅበት እንደሆነ ሳያውቅ ይቀራል።

የትእዛዝ አጻጻፍም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። «ሕንፃው በ30 ቀን ውስጥ ይፍረስ» የሚል ዐረፍተ ነገር በሰዋስው እንከን የለበትም፤ ነገር ግን የሚያፈርሰውን ሰው አይናገርም። ቋንቋው መፍትሔ አያጣም። «ባለቤቱ ሕንፃውን ያፍርስ» ሲባል ግዴታው የባለቤቱ ነው፤ «አስተዳደሩ ሕንፃውን አፍርሶ ወጪውን ከባለቤቱ ይጠይቅ» ሲባል ሁለቱም ተለይተዋል። ስለዚህ በትእዛዝ ውስጥ «ፈረሰ» ለሆነ ነገር፣ «አፈረሰ» ለሚደረግ ነገር ቢወሰን ይመረጣል።

የተደጋገመው ግንድ «ፈራረሰ» ደግሞ ጠቃሚ ነው፤ ነገሩ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየቦታው ቀስ በቀስ መውደቁን ስለሚያሳይ፣ «የፈራረሰ ሕንፃ» ከፊሉ ቆሞ ከፊሉ ለወደቀ ሕንፃ ይስማማል። «ፍርስራሽ» ግን ከዚያ ያለፈ ነው፤ የቀረው ክምር እንጂ ሕንፃ አይደለም። በግእዝ «ነሠተ» የሚል ግሥ መኖሩ እርግጥ ነው፤ ሆኖም አማርኛው ከራሱ ግንድ ይህን ያህል ሲያወጣ አዲስ ውሰት መፈለግ ሳያስፈልግ ይቀራል።

3. የውጭ ሕግ ሲተረጐም

ተርጓሚዎች በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው ምንጭ የእንግሊዝኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ የሕንፃ ሕግ ሦስት ሁኔታዎችን በሦስት ተከታታይ አንቀጾች ይለያል። በአንቀጽ 77 ስለ አደገኛ ሕንፃ ተደንግጓል፤ የአካባቢው አስተዳደር ለፍርድ ቤት ያመለክታል፣ ፍርድ ቤቱም ባለቤቱ አደጋውን የሚያስወግድ ሥራ እንዲሠራ፣ ወይም ባለቤቱ ራሱ ከመረጠ እንዲያፈርስ ያዛል። በአንቀጽ 78 አደጋው ጊዜ የማይሰጥ ሲሆን አስተዳደሩ ራሱ እርምጃ ወስዶ ተገቢ ወጪውን ከባለቤቱ መጠየቅ ይችላል። በአንቀጽ 79 ያለው ደግሞ በመፈራረሱና በመጎሳቆሉ የአካባቢውን ኑሮና ገጽታ በብርቱ የሚጎዳ ሕንፃ ነው።

በዚህ በመጨረሻው ቦታ የሚገኘው «ዳይላፒዴትድ» የሚለው ቃል ሥሩ በላቲን «ላፒስ»፣ ማለትም ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ የተበታተነ እንደማለት ነው። ይህን «ያረጀ» ብሎ መተርጐም ጉድለትን በዕድሜ መለወጥ ሲሆን፣ «አደገኛ» ብሎ መተርጐም ደግሞ የአንቀጽ 79ን ጉዳይ ወደ አንቀጽ 77 መውሰድ ነው። «የተጎሳቆለ» ቦታውን ይሞላል። እንዲሁም ማፍረስ በባለቤቱ ምርጫ የሚመጣ አማራጭ መሆኑን «ይጠገን ወይም ይፍረስ» የሚለው አጭር ትርጉም ያጠፋዋል፤ መራጩ ማን እንደሆነ አይናገርምና።

4. ባለቤትና ተቈጣጣሪ አንድ ሲሆኑ

በአገራችን ጉዳዩን የሚያከብድ ሌላ ነገር አለ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም በቀበሌዎች፣ እንዲተዳደሩ ሆኗል። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስያሜ የመጣው ከዚህ ነው። ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ የእንጨትና የጭቃ ነበሩ፤ ዝቅተኛው ኪራይ ለጥገና አልበቃም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ቤት ገንዘብ ለማፍሰስ ያመነታ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። ታዲያ የሚቈጣጠረው አስተዳደር ራሱ የቤቱ ባለቤት በሆነበት ጊዜ ማስጠንቀቂያው ለማን ይጻፋል? ትእዛዙ «ለነዋሪው» ተብሎ ቢጻፍ የባለቤትነት ግዴታ በተከራዩ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ «ባለቤት» የሕንፃውን ባለንብረት፣ «ባለይዞታ» የቦታውን ተጠቃሚ፣ «ተከራይ» በውል የሚኖረውን፣ «ነዋሪ» ደግሞ በማናቸውም ምክንያት በቤቱ የሚገኘውን ሰው እንዲያመለክቱ ተለይተው መያዝ አለባቸው።

«ማስለቀቅ» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። አደጋው እስኪወገድ ተከራዩን ማውጣትና መብቱን አቋርጦ ማውጣት በአንድ ቃል ሲጠሩ የመመለስ መብት ሳይነገር ይቀራል። ለመጀመሪያው «ለጊዜው ማስለቀቅ» ማለት ይህን ክፍተት ይዘጋል።

5. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

ያረጀ ሕንፃ፦ ዕድሜው የገፋ፤ በዚህ ብቻ ምንም ዐይነት ትእዛዝ የማይሰጥበት።

የተጎሳቆለ ሕንፃ፦ በእንክብካቤ እጦት ከነበረበት ደረጃ ወርዶ የአካባቢውን ኑሮና ገጽታ የሚጎዳ።

የፈራረሰ ሕንፃ፦ ከፊሉ የወደቀ፣ ከፊሉ የቆመ።

አደገኛ ሕንፃ፦ በአቋሙ ወይም በተሸከመው ጭነት ምክንያት በውስጡ ባሉት ወይም በአጠገቡ በሚያልፉት ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ በምርመራ የተረጋገጠ።

አጣዳፊ አደጋ ያለበት ሕንፃ፦ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ለመጠበቅ ጊዜ የማይሰጥ።

ለመኖሪያ የማይበቃ ቤት፦ አቋሙ ጽኑ ቢሆንም በብርሃን፣ በአየር፣ በውሃ ወይም በመጸዳጃ ጉድለት ለጤና የማይስማማ።

ተነሺ ሕንፃ፦ ጉድለት ኖረውም አልኖረው ለሕዝብ ጥቅም እንዲነሣ የተወሰነበት፤ «ፈራሽ» በሚለው ፈንታ።

ጥገና፦ የተበላሸን ክፍል ወደ ነበረበት መመለስ። ማጠናከር፦ ከነበረው የበለጠ ጽናት መስጠት። «እድሳት» ለፈቃድም ስለሚነገር በትእዛዝ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጉድለቱን፣ የሚፈለገውን ሥራና ቀኑን ገልጾ ለታወቀ ሰው የሚደርስ ጽሑፍ፤ ለሕዝብ ከሚለጠፈው «ማስታወቂያ» ይለያል።

እነዚህ ስያሜዎች በሥራ ላይ ሲውሉ በአንድ ደንብ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ፍቺ ብቻ እንዲይዝ፣ ለጽሑፍ ውበት ሲባልም በተመሳሳይ ቃል እንዳይለወጥ ያስፈልጋል። ትእዛዙ የሚደርሰው ሰው «የተጎሳቆለ» በሚለው ቃል መጠገን እንዳለበት፣ «አደገኛ» በሚለው ቤተሰቡን ማውጣት እንዳለበት፣ «ተነሺ» በሚለው ካሳ እንደሚገባው ከቃሉ ራሱ ማወቅ ይችል ዘንድ ነው።